የመኪና ሬዲዮ ጩኸትና የሚያመልጠን ጥሪ

በታክሲ፣ በሕመምተኛ ማመላለሻ ወይም በዕቃ ማድረስ ሥራ ላይ የተሰማሩ ወገኖቻችን በሚገባ የሚያውቁት አንድ ችግር አለ። ሞተር ሲነሳ ከመገናኛ ሬዲዮው ጩኸት አብሮ ይነሳል። ቤንዚን ሲሰጡት ፉጨቱ ይቀጥናል፤ እግር ሲያነሱ ይወፍራል። አንዳንድ ጊዜም ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ የዲስፓቸሩን ንግግር ይቆራርጠዋል። አብዛኛው ባለመኪና "የሬዲዮ ጠባዩ ነው" ብሎ ለምዶት ይኖራል። ትዕግሥቱ ያለቀበት ደግሞ አዲስ ሬዲዮ ይገዛል፤ አዲሱም እንደ አሮጌው ሲጮህ ያገኘዋል።

ውድ አንባቢያን፣ የሒሳብ ሠራተኛ ስለ ሽቦና ስለ ካንዴላ ምን አገባው የሚል አይጠፋም። መልሱ ወጪው ነው። በዚህ ዓምድ ደጋግመን እንደምንለው፣ ባለንብረት ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ችግሩ የት እንዳለ ማወቅ አለበት። የሬዲዮ ጩኸት በአመዛኙ የሚመጣው ከሬዲዮው ሳይሆን ከመኪናው ሽቦ ወይም ከስልክ ቻርጀር ነው። ይህን ለመለየት አንድ ሰዓት ጊዜና አንድ ረዳት ይበቃል።

ጩኸቱ የሚያስከፍለን

እርግጥ ነው፣ ዛሬ ብዙው የታክሲ ጥሪ የሚመጣው በስልክ ወይም በታብሌት ነው። ይሁን እንጂ ሬዲዮ ሙሉ በሙሉ አልቀረም። አንድ ቁልፍ ተጭኖ ለሁሉም መኪና በአንድ ጊዜ መናገር የሚቻለው በሬዲዮ ነው። በሚኒሶታ ስልክ በእጅ ይዞ መንዳት እ.ኤ.አ. ከኦገስት 1 ቀን 2019 ጀምሮ ስለተከለከለም፣ ሁለትና ሦስት መኪና የሚያሰማራ ባለሱቅ ወይም ልዩ የትራንስፖርት አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት ሬዲዮን ቢመርጥ የሚያስገርም አይደለም።

ጩኸቱ ጆሮ ከማሰልቸቱ ይልቅ የሚጎዳው በሌላ መንገድ ነው። ማንም በማይናገርበት ጊዜ ሬዲዮውን ዝም የሚያሰኘው መቆጣጠሪያ ስኩዌልች ይባላል። ጩኸት ሲበዛ ሾፌሩ ይህን መቆጣጠሪያ ያጠብቀዋል። ሬዲዮው ጸጥ ይላል፤ ሾፌሩም የተገላገለ ይመስለዋል። ነገር ግን ከሩቅ የሚመጣው ደካማ ጥሪ በዚያው ተዘግቶ ይቀራል። ዲስፓቸሩ ሁለት ጊዜ ጠርቶ መልስ ሲያጣ ሥራውን ለሌላ መኪና ይሰጣል። ሾፌሩ መጠራቱን እንኳ አያውቅም።

በምሳሌ እንየው። አንድ ባለታክሲ በሳምንት 3 ጥሪ ቢያመልጠው፣ አንዱ ጥሪም 15 ዶላር ቢያስገባ፣ ኪሣራው በሳምንት 45 ዶላር ይሆናል። በዓመት 50 ሳምንት ቢሠራ 2,250 ዶላር ማለት ነው። ይህ ገንዘብ ገቢ ስላልሆነ በየትኛውም መዝገብ ላይ አይታይም። በሕመምተኛ ማመላለሻ ሥራ ላይ ደግሞ ጉዳዩ ከገንዘብም ያልፋል። ከኩላሊት እጥበት ወጥተው በጃንዋሪ ብርድ በር ላይ የሚጠብቁ አዛውንት፣ ሾፌሩ ስላልሰማ ብቻ ተጨማሪ ግማሽ ሰዓት ሊቆሙ ይችላሉ።

ብልጭታ ራሱ ሬዲዮ ነው

የመጀመሪያዎቹ የሬዲዮ ማሠራጫዎች ይሠሩ የነበሩት በኤሌክትሪክ ብልጭታ ነበር። ካንዴላም የሚሠራው በብልጭታ ነው። በመሆኑም እያንዳንዱ የቤንዚን ሞተር፣ ሳይፈለግ፣ ትንሽ የሬዲዮ ማሠራጫ ነው። ከካንዴላውና ከቦቢናው የሚወጣው ሞገድ በአየር ተጉዞ ወደ አንቴናችን ይገባል፤ በሽቦም ተጉዞ ወደ ሬዲዮው ይደርሳል።

ይህ ችግር የመኪና ሬዲዮን ያህል ዕድሜ አለው። በኋላ ሞቶሮላ የተባለውን ኩባንያ የመሠረተው ፖል ጋልቪን እ.ኤ.አ. በ1930 የመኪና ሬዲዮ ለገበያ ሲያቀርብ ከገጠሙት ችግሮች አንዱ ይኸው የሞተር ጩኸት ነበር። ኤድዊን አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. በ1933 የኤፍ ኤም ፓተንቱን ካገኘ በኋላ ነገሩ በእጅጉ ተሻሻለ። የብልጭታ ጩኸት በዋናነት የሞገዱን ከፍታ የሚያዛባ ሲሆን፣ ኤፍ ኤም መልእክቱን የሚሸከመው በሞገዱ ድግግሞሽ ነው። የኮኔቲከት ግዛት ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ1940 በኤፍ ኤም የሚሠራ የመኪና መገናኛ ሲያቋቁም ሌሎች ፖሊሶችም ተከተሉት። የዛሬው የታክሲ ሬዲዮም አብዛኛውን ጊዜ ኤፍ ኤም ነው። ሲ ቢ የሚባለው የከባድ መኪና ሾፌሮች ሬዲዮ ግን በአብዛኛው ኤ ኤም በመሆኑ ጩኸቱ ይብስበታል። ኤፍ ኤምም ቢሆን የሚከላከለው የሚመጣው ድምፅ ጠንካራ እስከሆነ ድረስ ነው። ደካማው ጥሪ አሁንም በጩኸት ይዋጣል።

በጆሮ መለየት

እያንዳንዱ ምንጭ የራሱ ድምፅ አለው። ከሞተሩ ፍጥነት ጋር ቶሎ ቶሎ የሚል ጠቅታ ከካንዴላ፣ ከካንዴላ ሽቦ ወይም ከቦቢና ነው። ከሞተሩ ፍጥነት ጋር እየቀጠነ የሚሄድ ፉጨት ከዲናሞ ነው። ሞተሩ ቢፈጥንም ቢዘገይም የማይለወጥ፣ ቁልፍ ሲከፈት ሞተሩ ሳይነሳ ለጥቂት ሰኮንድ የሚሰማ ጩኸት ካለ የቤንዚን ፓምፑ ነው። የዝናብ መጥረጊያው ወይም የማሞቂያው ፋን ሲከፈት ብቻ የሚመጣው ከእነዚያ ሞተሮች ነው።

በዘመናችን የተጨመረው ትልቁ ጠላት ግን የስልክ ቻርጀር ነው። በሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካው ርካሽ ቻርጀር 12 ቮልቱን ወደ 5 ቮልት የሚለውጠው በሰኮንድ በብዙ ሺህ ጊዜ እያበራና እያጠፋ ስለሆነ ማያቋርጥ ሽሽታ ያወጣል። የዳሽ ካሜራ፣ የክሬዲት ካርድ መቀበያ፣ የኤል ኢ ዲ አምፑል እንዲሁም በጣራ ላይ ያለው የታክሲ መብራት በዚሁ መንገድ ይሠራሉ። ከታክሲው መብራት አጠገብ አንቴና የተከለ ሰው ጩኸቱን ከምንጩ አጠገብ ሆኖ ይቀበላል ማለት ነው።

የአንድ ሰዓት ፍተሻ

ይህን ፍተሻ የኤሌክትሪክ ሽቦ በሌለበት ጸጥ ያለ ቦታ ማድረግ ይመረጣል። በፍሮግታውን የምንኖር ሰዎች ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ቆመን ብንፈትሽ ልንሳሳት እንችላለን። እ.ኤ.አ. ከጁን 14 ቀን 2014 ጀምሮ በዚያ ጎዳና የሚሄደው ግሪን ላይን ባቡር ኃይሉን የሚያገኘው ከላይ ከተዘረጋ ሽቦ ነው። ሽቦው በረዶ ሲይዝ የባቡሩ ማገናኛ ብልጭታ ይፈጥራል፤ ብልጭታ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ከላይ ተመልክተናል። ስለዚህ ጥቂት ብሎክ ወደ ሰሜን፣ ወደ ቶማስ ወይም ወደ ሚኒሃሃ አቬኑ አልፎ፣ ከፍ ካለ የኤሌክትሪክ መስመር ራቅ ብሎ መቆም ነው።

አንደኛ፣ ሞተሩን አጥፍተው ቻርጀሩንና ካሜራውን ሁሉ ነቅለው ሬዲዮውን ብቻ ይክፈቱ። ስኩዌልቹን እስኪያንሾካሹክ ድረስ ያላሉት። አሁንም የተለየ ጩኸት ካለ ምንጩ ከመኪናው ውጪ ነው።

ሁለተኛ፣ ቁልፉን ሞተሩ ሳይነሳ ይክፈቱ፤ ፋኑን፣ መጥረጊያውንና የጣራውን መብራት አንድ በአንድ ያብሩና ያጥፉ።

ሦስተኛ፣ ሞተሩን ያስነሱ፤ ረዳትዎ ቤንዚን እየሰጠ እየለቀቀ እርስዎ ያዳምጡ።

አራተኛ፣ ድምፁን እስከ ዜሮ ይቀንሱ። ድምፁ ተዘግቶም ፉጨቱ የሚሰማ ከሆነ የሚገባው በኃይል ሽቦው ወይም በድምፅ ማጉያው ሽቦ በኩል ነው።

አምስተኛ፣ የአንቴናውን ገመድ ከሬዲዮው ጀርባ ይንቀሉት። ጩኸቱ ከጠፋ በአንቴናው ይገባ ነበር፤ ከቀረ በኃይል ሽቦው ይገባል። ብርቱ ጥንቃቄ፦ አንቴና በተነቀለበት ጊዜ የመናገሪያውን ቁልፍ ፈጽሞ አይጫኑ፤ ሬዲዮው ሊቃጠል ይችላል።

ስድስተኛ፣ ቻርጀሩንና ሌላውን ሁሉ አንድ በአንድ መልሰው ይሰኩ። ውጤቱን በወረቀት ላይ ይጻፉ። ያ ወረቀት ወደ ጋራዥ ሲሄዱ ገንዘብ ያድንልዎታል፤ ሜካኒኩ በግምት ከመለዋወጥ ይልቅ በቀጥታ ወደ ቦታው ይሄዳል።

ጩኸቱ ሁልጊዜ በአንድ የመብራት ምሰሶ አጠገብ ብቻ የሚመጣ ከሆነ የምሰሶውን ቁጥር ጽፈው ለኤክሴል ኢነርጂ ያመልክቱ። በፌዴራል ደንብ መሠረት ከኤሌክትሪክ መስመር የሚመጣን ጎጂ ረብሻ ማስወገድ የመብራት ኩባንያው ኃላፊነት ነው።

መፍትሔው ከርካሹ ወደ ውዱ

ቻርጀሩ ከሆነ ሌላ የተሻለ ቻርጀር መግዛት ነው። ወይም ፌራይት የተባለውን፣ ሽቦ ላይ ገጥሞ የሚዘጋ ጥቁር ቀለበት ገዝቶ የቻርጀሩን ሽቦ ከቻርጀሩ አጠገብ ሁለትና ሦስት ጊዜ በውስጡ ማዞር ነው። ይህ ከጥቂት ዶላር አይበልጥም።

ዲናሞ ከሆነ መጀመሪያ የሬዲዮው ኃይል ከየት እንደተወሰደ ይመልከቱ። ከክሩስኮት ጀርባ ወይም ከሲጋራ መለኮሻ የተወሰደ ከሆነ ግማሹ ችግር እዚያ ነው። ፖዘቲቩ ከባትሪው በቀጥታ፣ 10 ወይም 12 ቁጥር በሆነ ወፍራም ሽቦ መምጣት ይገባዋል፤ ፊውዙም ከባትሪው አጠገብ ይሁን። ኔጌቲቩን በተመለከተ በአዳዲስ መኪኖች ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በባትሪው ኔጌቲቭ ጫፍ ላይ የኃይል መለኪያ ሴንሰር ስለሚኖር፣ ሽቦው የሚታሰረው የባትሪው ማሳ ከሻንሲው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው። ይህ ሁሉ ተሠርቶ ፉጨቱ ካልጠፋ በኃይል ሽቦው ላይ ፊልተር ማስገባት ይቻላል። ፊልተሩ ሬዲዮው በሚናገርበት ጊዜ የሚስበውን ኃይል መቻል አለበት፤ የ45 ዋት ሬዲዮ 10 አምፔር ገደማ ይስባል። ፉጨቱ ድንገት የጀመረ ከሆነ ግን ዲናሞው ራሱ ይመርመር፤ ውስጡ ያለው ዳዮድ ሲበላሽ የመጀመሪያው ምልክት ይህ ሊሆን ይችላል።

ካንዴላ ከሆነ በውስጡ ሬዚስተር ያለው ካንዴላ መሆኑን ያረጋግጡ። በብዙ ኩባንያዎች ዘንድ በቁጥሩ መካከል ያለችው "አር" የምትለው ፊደል ምልክቷ ናት። ያረጀና ክፍተቱ የሰፋ ካንዴላ፣ የተሰነጠቀ የካንዴላ ሽቦ ጩኸት ይጨምራሉ። አዲስ አበባ ላዳ የነዳ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አይፈልግም።

ጩኸቱ በአንቴና የሚገባ ከሆነ አንቴናው የሚተከልበት ቦታ ይታይ። ምርጡ ቦታ የጣራው መካከል ነው። የታክሲ መብራት ጣራውን ከያዘው የፖርታ ባጋሊው ክዳን ሁለተኛ ምርጫ ነው። የአንቴናው ማሰሪያ ቀለሙን ፈቅፎ ከብረቱ ጋር መገናኘት አለበት። ገመዱን ከመኪናው የሽቦ ጥቅል ጋር አብሮ ማሰር አይገባም። የአንቴናው ቁመትም ከሬዲዮው ሞገድ ጋር ይመጥን፤ ለ155 ሜጋኸርዝ 48 ሳንቲ ሜትር፣ ለ460 ሜጋኸርዝ 16 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በመጨረሻም ኮፈኑንና ማርሚታውን በጠፍጣፋ የተጎነጎነ የመዳብ ሽቦ ከሻንሲው ጋር ማሰር ይረዳል። ኮፈኑ በማጠፊያው ብቻ ተይዞ ሲቀር የሞተሩን ጩኸት ወደ ውጪ የሚረጭ አንቴና ይሆናል።

የሚኒሶታ ጨውና ብርድ

ባለፈው ክረምት ደህና የነበረ ሬዲዮ በጸደይ መጮህ ቢጀምር አይደነቁ። በክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ማሳውንና የአንቴናውን ማሰሪያ ይበላቸዋል። በኤፕሪል ወር መኪናውን ከሥር አሳጥቦ፣ ማሳዎቹን ፈትቶ በብርጭቆ ወረቀት አጽድቶ፣ ቅባት ቀብቶ መልሶ ማሰር በዓመት አንዴ መደረግ ያለበት ነው።

ሃይብሪድ መኪና ላላቸው ደግሞ ብርቱ ማሳሰቢያ አለን። በቶዮታ ፕሪየስና በመሰሎቹ ውስጥ ያለው ትልቁ ባትሪ 200 ቮልት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ብርቱካንማ ሽፋን ያለውን ሽቦ ማንም ያልሠለጠነ ሰው አይንካ፤ ይገድላል። የሬዲዮው ኃይል ከ12 ቮልቱ ባትሪ ብቻ ይወሰድ፤ ሽቦውና የአንቴናው ገመድም ከብርቱካንማው ሽቦ ይራቁ።

ፈቃድ፣ የመኖሪያ ወረቀትና አሮጌ ሬዲዮ

"ዜግነት የለኝም፤ የሬዲዮ ፈቃድ ማግኘት እችላለሁን?" የሚል ጥያቄ አለ። በኢትዮጵያ የሬዲዮ ሞገድ የመንግሥት ጉዳይ መሆኑን እያወቀ ያደገ ሰው ይህን ቢጠይቅ ተገቢ ነው። በዚህ አገር ለድርጅት መገናኛ የሚሆነውን ፈቃድ የሚሰጠው የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን (ኤፍ ሲ ሲ) ነው። ለዚህ ዓይነቱ ፈቃድ ዜግነት አይጠየቅም። የሚከለከለው የውጭ መንግሥትና የውጭ መንግሥት ተወካይ ነው። ለመመዝገብ የግብር መለያ ቁጥር ያስፈልጋል። ፈቃዱ ለ10 ዓመት የሚያገለግል ሲሆን ቀኑ ሳያልፍ መታደስ አለበት።

የአማተር ሬዲዮ ሞገድ ለንግድ ሥራ አይፈቀድም። ጂ ኤም አር ኤስ የተባለው ፈቃድ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ክፍያው 35 ዶላር ሆኗል፤ ነገር ግን ለግለሰብና ለቤተሰቡ እንጂ ለድርጅት ሠራተኞች አይሰጥም። በሱቅና በመጋዘን መካከል ለመነጋገር ብቻ ከሆነ ፈቃድ የማይጠይቀው ኤፍ አር ኤስ የእጅ ሬዲዮ ይበቃል።

አሮጌ ሬዲዮ በርካሽ ሲገኝም እንጠንቀቅ። ኤፍ ሲ ሲ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2013 ጀምሮ የድርጅት ሬዲዮዎች ከ25 ኪሎ ኸርዝ ወደ 12.5 ኪሎ ኸርዝ እንዲጠብቡ አዝዟል። ከዚያ በፊት የተሠራና መጥበብ የማይችል ሬዲዮ ለታክሲ ሥራ በተለመዱት ሞገዶች ላይ በሕግ አያሠራም። ከዚህም ሌላ ዲስፓቸሩ በጠባቡ እየተናገረ የእርስዎ ሬዲዮ በሰፊው ከተሞላ ድምፁ ደክሞ ይሰማል፤ ብዙ ሰው ይህንን የሞተር ጩኸት አድርጎ ይቆጥረዋል። መፍትሔው በሬዲዮ ሱቅ ውስጥ በጥቂት ደቂቃ እንደገና ማስሞላት ነው።

በሒሳብ መዝገብ

የመኪና ወጪን በማይል ስሌት የሚያስቀንስ ባለመኪና፣ እ.ኤ.አ. በ2025 በማይል 70 ሳንቲም ተፈቅዶለታል። በዚህ ውስጥ ቤንዚን፣ ኢንሹራንስ፣ ጥገናና የመኪናው እርጅና ስላሉ የካንዴላና የዲናሞ ደረሰኝ ለብቻው አይቀነስም። በትክክለኛ ወጪ የሚያሰላ ግን እያንዳንዱን ደረሰኝ ይያዝ። ታክሲ በማይል ስሌት እንዲጠቀም የተፈቀደው እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ነው፤ 5 ወይም ከዚያ በላይ መኪና በአንድ ጊዜ የሚያሠራ ሰው ግን ሊጠቀምበት አይችልም።

ሬዲዮውንና አንቴናውን በጥገና ስም ሳይሆን በሥራ መሣሪያነት ለብቻ ይመዝግቡ። እያንዳንዱ ዕቃ ከ2,500 ዶላር የማይበልጥ ከሆነ፣ በግብር ማስታወቂያው ላይ ምርጫውን በማሳወቅ በተገዛበት ዓመት ሙሉውን ማስቀነስ ይቻላል። ደረሰኙ ላይ የየትኛው መኪና እንደሆነ በእስክሪብቶ ይጻፉበት፤ ከሁለት ዓመት በኋላ አይ አር ኤስ ቢጠይቅ በትዝታ መመለስ አይቻልም።

እንግዲህ የዚህ ሳምንት የቤት ሥራ ቀላል ነው። ከሥራ በፊት ቻርጀሩን ነቅለው ያዳምጡ። ጩኸቱ ከጠፋ የአዲስ ሬዲዮ ዋጋ ኪስዎ ውስጥ ቀረ። ካልጠፋ ወደ ቀጣዩ እርምጃ ይለፉ። ስኩዌልቹንም መልሰው ያላሉት፤ እስከዛሬ ያልሰሙት ጥሪ ሊኖር ይችላል።